አሬራ የጠጣው ጣሪያ

ከወገዳ ወደ በሽሎ ወንዝ ቁልቁል ሲወረድ፣ አየሩ እየከበደ ግራሩ እየበዛ ሲመጣ፣ ግራር ውሃ የምትባል መንደር አለች። በዚያች መንደር ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሁሉ የአለባቸው እጅ ያረፈበት ነው። ሰው በአባቱ ስም አይጠራውም፤ «አለባቸው ቆርቆሮ» ነው የሚለው። እሱም አይከፋውም። እንዲያውም ከማዶ ሸንተረር ላይ ቆሞ መንደሩ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ሲያይ ደረቱ ይነፋል። «ያ ሁሉ ብርሃን የኔ ነው» ይላል፤ ፀሐይዋ ምንም ድርሻ የሌላት ይመስል።

ተወልዶ ያደገው ላይ ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ብርዳም ቀበሌ ነው። እዚያ ሰው ሙቀት ሲያገኝ ያመሰግናል እንጂ አያማርርም። በሃያ ሁለት ዓመቱ መዶሻና መጋዙን በጆንያ ቋጥሮ ወደ ቆላ ሲወርድ ለአንድ በጋ ብቻ ብሎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

ያስቀረችው ይታይሽ ናት። ግራር ውሃ ላይ የመጀመሪያውን ቤት ሲከድን ምስማር ታቀብለው የነበረች የቤቱ ጌታ ልጅ ነበረች። «ቁልቁል ሳያት ምስማሩን ትቼ ጣቴን መታሁት» ይላል ዛሬም፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠማማ ነውና የሚጠራጠረው የለም። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ልጆቹም አድገው እየተዳሩ ወጡ።

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የአገሩን ጣሪያ ሁሉ ቆርቆሮ ያለበሰው ሰው ራሱ ለሃያ ስድስት ዓመት ሳር ቤት ኖረ። ይህ ነገር ሲቆረቁረው ኖሮ ከሦስት ዓመት በፊት ሳሩን አንስቶ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነላት። «ለአንቺ ነው» አላት። ይታይሽ እልል አለች፤ ጎረቤት ጠርታ ጠላ አጠጣች። ከዚያ በኋላ ግን ከቀኑ አምስት ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አጣፍታ ሳር ቤት ወዳላቸው ጎረቤቶች መሄድ አመጣች። አለባቸው ሚስቱ በስተርጅና ወሬ ለመደች ብሎ አዘነ። ሙቀቱን ሸሽታ መሆኑ አልታየውም፤ እሷም ስጦታውን ላለማዋረድ አፏን ይዛ ቆየች። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ዝም ሲባባሉ እንደዚህ ሦስት ዓመት ያልፋል።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም መግቢያ ይታይሽ ቀትር ላይ እህል ልታወጣ ገባችና ጎተራው ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ህይወት፣ የመንደሩ ልጅ ናት፣ መጥታ ደም ግፊቷን ለካች። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«አያ አለባቸው፣ ይህ ቤት ቀን ቀን ምድጃ ነው» አለችው። «እማማ ይታይሽ እንዲህ ባለ ሙቀት ውስጥ መዋል የለባትም።»

ወሬው ንፋስ መውጫ ደረሰ። የይታይሽ ታላቅ እህት ስንዱ እዚያ አግብታ ትኖራለች፤ ቃሏ እንደ አዋጅ ነው። «ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ በመኪና መጥቼ እወስድሻለሁ፤ እስኪከረም እዚህ ትቀመጫለሽ» ብላ በስልክ ወሰነች። ይታይሽም እሺ አለች።

እስኪከረም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አለባቸው ያውቃል፤ ለአንድ በጋ ብሎ የወጣ ሰው ነው። ደግሞ በምን አፉ አትሂጂ ይበላት? ምድጃውን በገዛ እጁ የሠራ እሱ። ቆርቆሮውን አንስቶ ሳር ሊመልስ አሰበ፤ ግን ሰንበሌጡ የሚታጨድበት መስክ ሁሉ ታርሶ ማሽላ ሆኗል። ስለዚህ መዶሻውን አነሣ። ጋይንቴ ሲከፋው ሥራ ያበዛል።

መፍትሔው ጉልበቱ ሥር ተገኘ። ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ የተነቀለ ምስማር ሊመታ ወጥቶ ነበር። ቆርቆሮ ሠራተኛ ረፋድ ላይ መውረድ አለበት፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ጉልበት ማሳረፍ አይቻልም፣ ያቃጥላል። እሱ ግን በሐሳብ ተይዞ ሰዓቱ አለፈበት። ጉልበቱን በሄደበት ሁሉ እየፈጀው ሳለ፣ አንድ ቦታ ላይ አላቃጠለውም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ነጭ ነው፤ ግንበኞች ግድግዳውን ሲቀቡ ባልዲ ኖራ ደፍተውበት ደርቋል። እጁን ኖራው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠና በቶሎ አነሣ። እንደገና ሞከረው። ታች የቆመችው ህይወት አበደ ብላ ደነገጠች።

«አዲስ ቆርቆሮም እኮ ያብለጨልጫል፤ ታዲያ ለምን ያቃጥላል?» ሲል ጠየቃት ወርዶ።

ህይወት ስልኳን ፈታትሻ አነበበችለት። ነጭ ቀለም የፀሐይን ብርሃን መልሶ ወደ ሰማይ ይሰደዋል፤ የቀረችውን ሙቀትም ይተነፍሳታል። ቆርቆሮ ግን የዋጣትን ይዞ ወደ ታች ነው የሚለቃት። በሩቅ አገር ሙሉ ከተማ ጣሪያውን ነጭ ቀብቶ ይኖራል፤ ብዙ ሰው ቢያደርገው የሰፈሩንም የምድሩንም ሙቀት ይቀንሳል ይላሉ።

«ምድሩን እግዚአብሔር ይወቅለት» አለ አለባቸው። «ይታይሽ ቤቷ ትውላለች ወይ ነው የኔ ጥያቄ።»

በማግስቱ ከወገዳ ኖራ በአህያ አስጫነ። በውሃ በጠበጠና የቤቱን ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ቀባ። መንደሩ ወጥቶ አየው። አንዱ ቀልደኛ ወንጌሉን ጠቅሶ «የተለሰነ መቃብር!» አለና ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ቤቱ ግን በረደ። ሁለት ቀን በረደ። በሦስተኛው ቀን የመጋቢት ዝናብ ከነነፋሱ መጣና ኖራውን አጥቦ በግድግዳው ላይ አወረደው። አለባቸው ደጁ ላይ ቆሞ ነጩ ውሃ በእግሩ መካከል ሲፈስ አየ። ይታይሽ ከውስጥ ሆና ታየው ነበር።

እማሆይ ብርነሽ ናቸው የደረሱለት። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው መነኩሲት ናቸው፤ ዐይናቸው ቢደክም ምላሳቸው አልደከመም።

«ኖራን በውሃ ያቦካህ አንተ የማን ሞኝ ነህ?» አሉት። «እኛ በልጅነታችን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ስንለስን በአሬራ ነበር የምናቦካው። ጨው ጣል አድርግበት። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይይዛል።»

አሬራ! ቅቤው ተንጦ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ወተት፤ ደግሞ በጾም። በጾም ላሚቱ አትጾምም፤ ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፣ አሬራውን ግን ከሕፃናት በቀር የሚጠጣው ስለሌለ ለጥጃና ለውሻ ይደፋል። ከዓመት ዓመት አሬራ የሚተርፈው በዚህ ወቅት ብቻ ነው። ሙቀቱ የሚበረታውም በዚሁ ወቅት ነው። እግዚአብሔር ያዘጋጀው ይመስላል ብሎ አለባቸው አማተበ።

ችግሩ መለመኑ ነው። ይህ ሰው በዕድሜው ደጅ ቆሞ የጠየቀው ነገር የለም፤ ከገዛ ወንድሙ መጋዝ አይዋስም። ያን ጠዋት ግን ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በየቤቱ ደጅ ቆመ። «አሬራ አላችሁ?» ይላል፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «አያ አለባቸው፣ በጾም አሬራ! ነፍስህን ምን ልታደርጋት ነው?» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ሲሰሙ የሚስቁት ይስቃሉ፤ ሴቶቹ ግን አይስቁም። ዝም ብለው ጀሪካኑን ይሞሉለታል። ከምንቸታቸው ሥር አሟጠው ይሰጡታል። አንዷ ባሏን ዞር ብላ አየችና «ሰው እንዲህ ነው» አለችው፤ ባልዮው ቶሎ ከብቱን ሊያይ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጠብ ተነሣ። በሑዳዴ ወተት ጣሪያ ላይ መድፋት ጾሙን መናቅ ነው፣ ዝናቡም በዚህ ኃጢአት ይቀራል የሚሉ ሽማግሌዎች ወደ ቄስ ካሳ ሄዱ። ቄስ ካሳ የአለባቸውም የከሳሾቹም የንስሐ አባት ናቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ አዳመጡና ፈረዱ።

«ጾም የሚፈርሰው በአፍ ነው። ጣሪያ አይጾምም፣ ጣሪያ አይቆርብም። ውሻ ሲጠጣው ዝም ያላችሁትን ቆርቆሮ ቢጠጣው ምን አገባችሁ? ይቀባ!»

አለባቸው ግን ከፍርዱም በኋላ አፉን በጨርቅ አስሮ ነው የሠራው። ሆኖም አንድ ጠዋት ጨርቁ ወረደና ከብሩሹ የረጨች ጠብታ ከንፈሩ ላይ አረፈች፤ ሳያስበው ላሳት። ደንግጦ ብሩሹን ጣለ፣ ከመሰላሉ ወረደ፣ ከራሱ እስከ እግሩ እንደ ነጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። ቄስ ካሳ አንድ ነጭ ፍጡር በቅጽሩ በር ሲገባባቸው መስቀላቸውን መዘዙ።

«እኔ ነኝ አባ፣ አለባቸው ነኝ! ጾሜን ገደፍሁ፤ አሬራ ቀመስሁ።»

«ጣፈጠህ?»

«ኧረ ምላሴን ነው ያቃጠለኝ፤ ኖራ አለበት።»

«እንግዲያስ ቅጣቱን እዚያው ተቀብለሃል። አሥራ ሁለት ስገድና ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉት፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዙረው።

ለሆሳዕና ዋዜማ ጣሪያው አለቀ። ሁለት ዝናብ መጣ፣ ኖራው ንቅንቅ አላለም። በቅዳም ስዑር ይታይሽ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ቅቤ ከቅሉ ልታወጣ ሄደች። ባለፉት ሦስት ዓመታት ቅቤው በዚህ ወቅት ቀልጦ እንደ ዘይት ይቀዳ ነበር፤ ዘንድሮ ረግቶ በጣት ተፋቀ። ጣቷን አንሥታ አሳየችው። አለባቸው ሳቀ። ቀጥሎ የምትለውን ጠበቀ፤ ይታይሽ ግን ወደ ወጧ ተመለሰች። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለች። እሱም አልጠየቃት። ጣሪያ ከመቅባት ይልቅ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይከብዳል፤ ለአንዳንድ ሰው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ ደረሰ። ከወገዳ የሚመጣው ሚኒባስ አቧራ ዳገቱ ላይ ሲታይ አለባቸው አላስቻለውም። ጎረቤቶቹም ጣሪያቸውን እንዲቀባላቸው ተራ ይዘው ነበርና ባልዲውን አንሥቶ የአንዱ ቤት ላይ ወጣ፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ አስቀድሞ በቀባውና በማያቃጥለው በኩል ተቀመጠ። ስንዱ ስትወርድ ድምጿን ሰማ። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ያውቃል። ቀባ። የተቀባውን ደግሞ ቀባ። ስምንት ሰዓት ላይ ክላክሱ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ አልዞረም። በር ሲዘጋ ሰማ፤ ሞተሩ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤ ቀስ በቀስ ድምፁ ጠፋ። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት የኖረበት አገር በአንድ ጊዜ የሰው አገር ሆነበት።

«አለባቸው! ምሳህን አትበላም እንዴ?»

አልዞረም፤ ጆሮው የከዳው መሰለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!»

ዞረ። ይታይሽ መሰላሉ ሥር ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ስንዱስ?» አለ ሲወርድ።

«መደቡ ላይ ጎኔን ላሳርፍ ብላ እንቅልፍ ጣላት። የቆላ ቤት እንዲህ ሲበርድ አይታ አታውቅም። ሹፌሩን 'ሂድ፣ መንገደኛ የለም' አልሁት።»

«አንቺስ? ነገ ትሄጂያለሽ?»

«ቤቴ ሲበርድልኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

አለባቸው የመሰላሉን እግር ይዞ፣ በዚህ ሁሉ ወር ያልደፈረውን ጠየቀ። «ባይበርድልሽስ ኖሮ?»

ይታይሽ ግራ ገብቷት አየችው።

«ባይበርድማ ሄደን እንከርም ነበራ! ስንዱ እኮ ለሁለታችንም አልጋ አንጥፋ ነው የመጣችው። ያኔውኑ በስልክ 'ሁለት ሆነን ነው የምንመጣ' ብያታለሁ። አንተን እዚህ ጥዬ የምሄድ መስሎህ ነው እንዴ?»

አለባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ወጡን ረሳችው።