በጀርባዬ መንሳፈፍ እስክችል

«ወዴት ነው እንዲህ የምትቸኩዪው?» አለኝ ሐኪሙ። መቐለ፣ ዓይደር አካባቢ ባለ ክሊኒክ የኤምአርአይ ፎቶዬን እያየ ነበር። እኔ ደግሞ ለመዳን ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ጥያቄው ራሱ አናደደኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ደረጃ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ስለሚመጣ በጀሪካን ሞልተን ወደ ላይ እናወጣለን። ሰው አንድ አንድ ያወጣል። እኔ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አነሳሁ። ወገቤ ላይ ቀጭ አለ። ብዙም አላመመኝም። በማግስቱ ጠዋት አስነጠሰኝ። ከወገቤ እስከ አውራ ጣቴ ኤሌክትሪክ ወረደብኝ። ወደቅሁ። መነሳት አቃተኝ።

ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ጦርነቱ መሃል ገብቶብኝ ዘግይቼ ነው የተመረቅኩት። የቀጠረኝ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ የልብስ ፋብሪካ ነው፤ ጥራት ቁጥጥር፣ ቀኑን ሙሉ በቁም። ቦታዬን ለሁለት ወር እንደሚያቆዩልኝ ነገሩኝ።

«ዲስክሽ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል፤ ሳያቲካ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ዋና። አውራ ጣትሽ ትንሽ ደክሟል፤ ድካሙ ከባሰ ግን ኦፕራሲዮን ነው።»

«ዋና አልችልም።»

«ትማሪያለሽ። በደረት ግን እንዳትዋኚ፣ ወገብ ይለጥጣል። በጀርባ ብቻ።»

ውሃ ፊቴን ሲነካኝ እንደምደነግጥ አልነገርኩትም።

አንድ ሆቴል ውስጥ ዋና የሚያስተምሩ ጋሽ ይመር የሚባሉ ወሎዬ አሉ። ያደጉት ሐይቅ ዳር ነው። ለንግድ መቐለ መጥተው ቀሩ፤ አሁን ገንዳውን ያጸዳሉ፣ ሰው ያስተምራሉ። «የእጅና የእግሩን እንቅስቃሴ ብቻ ያሳዩኝ፣ ሌላውን እኔ እደርስበታለሁ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ዲግሪ አላት ብለውኛል። ውሃው ግን ማንበብ አይችልም፣ አንቺ ልጅ!»

የመጀመሪያው ቀን የገንዳውን ጠርዝ እንደያዝኩ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ፊቴን ልንከር አልኩ። አማተብኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ገባሁ። ጆሮዬ ጮኸ። አፌን ከፈትኩ። ውሃ ዋጥኩ። አሳለኝ። ሳሉ እግሬን ሰነጠቀው። እዚያው አለቀስኩ።

ጋሽ ይመር እስኪወጣልኝ ጠበቁ። «ይሄ ጠበል አይደለም፣ ልጄ። እዚያ ጥርስሽን ነክሰሽ እስኪያልፍ ትጠብቂያለሽ፤ እኔ ሙስሊሙ እንኳ ዐውቃለሁ። እዚህ ግን መጠበቅ የለም። ትንፋሽሽን ለውሃው ስጪው።»

እውነታቸውን ነው። እናቴ ጠበል ወስዳኝ ነበር፤ ቀዝቃዛው ሲወርድብኝ የማደርገው እንደዚያው ነበር። መጨማደድ፣ ትንፋሽ መያዝ፣ መጠበቅ። ከአልጋ ስነሳም፣ ደረጃ ስወጣም እንደዚያ እንደማደርግ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ትንፋሽ ስትይዢ ዲስኩ ላይ ጫና ይጨምራል» ብላኝ ነበር። እየሰማሁ አልሰማኋትም።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ትኩስ ሻይ እንደማበርድ እፍ ማለት ብቻ ሆነ ሥራዬ። መጀመሪያ ከውሃው በላይ፣ ቀጥሎ አፌን ነክሬ፣ ከዚያ አፍንጫዬን። ሰለቸኝ። «መቼ ነው የምዋኘው?» ስላቸው «ሻዩ ሲበርድ» ይሉኛል። አብራኝ የምትመጣው እናቴ ገንዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ «ኣጆኺ ጓለይ» ትለኛለች፣ አይዞሽ ልጄ። አንድ ቀን «ኣጆኺ አትበይኝ!» ብዬ ስጮህባት ፊቷን አዞረች።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ይመር ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን አምጥተው «እቀፊው» አሉኝ።

«ወገቤን የሰበረኝ እኮ እሱ ነው!»

«ባዶው አይደለም» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

አቀፍኩት። ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ስጥል ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባና የመንገዱ የባጃጅ ጩኸት ሁሉ ጠፋ፤ እፍ እያልኩ፣ እግሬ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ከወደቅሁበት ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቤን የሚሸከመው እኔ እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። ቀን በቀን ጀሪካኑን ከደረቴ ወደ አንድ እጄ አወረድኩት፣ ኋላም ለቀቅሁት፤ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ እግሬን በዝግታ እየመታሁ የገንዳውን ስፋት በጀርባዬ ተሻገርኩ። ቀላል አልነበረም። ለነርቩ የታዘዘልኝ ክኒን፣ ጋባፔንቲኑ፣ ያደነዝዘኛል፣ ደህና ሰንብቼም ድንገት የሚያመኝ ቀን ነበር። በቁም መዋል ግን ገና አልቻልኩም፣ ሁለቱ ወር አለቀ፣ ቦታዬም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፋብሪካው ቃሉን ጠብቋል፤ ወገቤ ነው ያልደረሰው።

አንቺም በዚህ መንገድ ላይ ካለሽ፣ ለአስተማሪሽ ዲስክ እንዳለብሽ ውሃ ውስጥ ሳትገቢ ንገሪው። እግርሽ መሬት ከማይነካበት ራቂ። መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ። ጭንሽ መሃል ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ ነገ አትበዪ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂጂ። ኣጆኺ የሚሉሽን አትቆጪ፤ እኔ እናቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እሷንም ጋሽ ይመርንም አመስግኜ አልጨርሳቸውም።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ «በአውራ ጣትሽ እጄን ግፊ» አለኝ። ገፋሁት። «ጉልበቱ ተመልሷል። ኦፕራሲዮኑን እንተወዋለን።» ስንት ቀን እንደቀረኝ አልጠየቅኩትም። ጫማዬን አድርጌ በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ።

«ዶክተር፣ ለዚያ ለመጀመሪያው ቀን ጥያቄ፣ ወዴት ነው የምትቸኩዪው ለሚለው፣ መልስ አለኝ» አልኩት። «ጦርነቱ የወሰደብኝን ዓመታት ልደርስባቸው ነበር የምቸኩለው። አልደረስኩባቸውም። አይደረስባቸውም። ደክሞኛል።»