መርዝ የለመዱት ሴሎች

ኢንጉን ለሰው ፊት አትሰጥም ነበር። ዝናቡ በማያባራባት በርገን፣ የካንሰር ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጠርሙሶቿ ላይ ሁሉ በቀይ ቀለም «አትንኩ» ብላ ትጽፍ ነበር። ያኔ እዚያ የሠራ ሰው ያን ጽሕፈት አይረሳውም።

ዓመታት የፈጀባት ሥራ አንድ ነው። ከአንዲት ሟች ሴት ዕጢ የተወሰዱ ሴሎችን መድኃኒት ታለማምዳለች። በምግባቸው፣ በዚያ ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ፣ መድኃኒቱን ጠብ ታደርጋለች፤ የሚሞተው ይሞታል፣ የተረፈው ሲያገግም ትንሽ ትጨምርበታለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ገዳዩን መድኃኒት እንደ ውኃ የሚጠጡ ሴሎች አወጣች። በሽታው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያሸንፍ የሚጠናው በነሱ ነው።

ፋሲካ ላይ በረዶ ላይ ስትንሸራተት እግሯ ተሰበረ። ሴሎቹን መመገብ በኦድኒ ላይ ወደቀ። ኦድኒ አጠገቧ የምትሠራ፣ ከሷ ጋር ሰላምታ ካቋረጠች ስንት ዘመን የሆናት ሴት ናት።

ግንቦት ላይ ኢንጉን በምርኩዝ ተመልሳ በማይክሮስኮፕ ብታይ፣ ሴሎቹ ጠግበው ተጨናንቀዋል። መድኃኒት የሚጠጣ ሴል እንዲህ አይበዛም፤ ደሟ ፈላ።

«ምን ስትሰጫቸው ከረምሽ?»

«ምግባቸውን ነዋ። ምነው፣ ወፈሩብሽ?»

«ከየትኛው ጠርሙስ?»

«ከጋራው። ያንቺ ላይ አትንኩ ይላል። ማንበብ እችላለሁ እኮ።»

የጋራው ጠርሙስ መድኃኒት የለበትም። ኢንጉን የራሷን፣ መድኃኒት ያለበትን፣ አፈሰሰችባቸው። ቀናት ሳይቆዩ ሴሎቹ ከሳህናቸው ወለል እየተላቀቁ እንደ ገለባ ተንሳፈፉ። ሲመቻቸው መርዙን ረስተውታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ለክፉ ቀን ብሎ በጋራው የፈሳሽ ናይትሮጅን በርሜል ውስጥ አቀዝቅዞ ያስቀመጠውን ሴል ያወጣ ነበር። እሷ ማንንም ስለማታምን አንዲትም ብልቃጥ አላኖረችም። ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በላው። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ኦድኒ ወፍራም ጓንት አድርጋ፣ ነጭ ጢስ የምትተፋ ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«ያንቺው ናቸው። ሆስፒታል የገባሽ ለታ፣ ምግባቸውን ከመቀየሬ በፊት አቀዝቅዤ ያስቀመጥኳቸው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። ሌባ በዪኝ። ግን ቶሎ በዪ፣ እየቀለጠ ነው።»

በዝግታ ከቀለጠ አብሯቸው የቀዘቀዘው ማቆያ ፈሳሽ ራሱ ይገድላቸዋል። ኢንጉን ብልቃጧን ነጥቃ ሞቅ ያለው ውኃ ውስጥ ነከረችና ጀርባዋን ሰጠች።

«ሌባ ነሽ» አለች። ዞር ሳትል፣ «ስንት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ሁለት።»

«ሁለተኛውን እዚያው ተይው።»