ለቅርጫ ያልሆነ ጌም

ከሶዶ በወጣሁበት ማታ ወንድሜ ማርቆስ ጌም ቤታችንን አልዘጋም። «ዘግተን ሰው ከጠረጠረ አበቃልህ» ብሎ ደንበኞቹን እንደወትሮው ኳስ ሲያጫውት፣ እኔ በጓሮ በር ወጥቼ የሞያሌን መንገድ ያዝኩ። አቅፎ እንኳ አልሸኘኝም። ብቅ ብሎ «ኢሻ፣ ስትደርስ ደውል» አለኝና ተመለሰ። ኢሻ በእኛ ወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው።

የመንገዱን ነገር ተዉት። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበት ባያውቀው ይሻለዋል። አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሃ ሰፈር፣ ባገሬ ልጅ ሱቅ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሜ ዳቦና ሲጋራ እሸጣለሁ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው። በቆሎ ያው በቆሎ ነው ብዬ ቀመስኩት፤ ቅቤ የለው፣ ዳጣ የለው፣ ምኑም ምኑም የለው!

ወደ ንዴቴ ልግባ። እኛ ጋ ጌም እንደ ጊፋታ፣ እንደ ዘመን መለወጫችን፣ በሬ ነው፤ በቅርጫ ነው የሚገዛው። የሶዶ፣ የአረካና የተበላ ከተሞች ጌም ቤቶች አዋጥተን አንድ ዲስክ እንገዛለን፤ ዲስኩም በሚኒባስ ሹፌር እጅ በየተራ ይዞራል። ዘንድሮ አዲሱ የኳስ ጌም ለበዓሉ እንዲደርስ አዋጡና «አንተ ካለህበት ግዛልን» አሉኝ።

ሞል ገባሁ። ዲስኩን ሳነሳ ሻጩ ሳቀብኝ። «ብራዘር፣ ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው። ዳውንሎዱን ግዛ፤ አይጫርም፣ አይሰበርም፣ አድርሱልኝ ብለህ ሰው አትለምንም።»

እውነትም ወደ አገር ቤት የሚሄድ መንገደኛ አላገኘሁም ነበር። ዳውንሎዱን በስሜ አካውንት ከፍቼ ገዛሁና የይለፍ ቃሉን ለማርቆስ ሰጠሁት፤ ማርቆስ ለአረካው አቶ ደስታ፣ አቶ ደስታ ለተበላው ሰውዬ። ቅርጫ አይደል? ኔት ሲመጣ መብራት እየጠፋ፣ መብራት ሲመጣ ኔት እየጠፋ፣ እንደምንም አወረዱት።

በጊፋታ ማግስት ሦስቱም ቤት በሰው ጢም ብሎ ሳለ ጌሙ ተዘጋ። ወዲያው ለድርጅቱ ደወልኩ።

«ጌታዬ፣ አካውንትዎ ከብዙ ቦታ ስለተከፈተ ታግዷል» አለኝ ሰውየው።

«የገዛነው ሦስት ሆነን ነዋ!»

«አልገዙትም ጌታዬ። የገዙት የመጫወት ፈቃድ ነው።»

«በሬ ብገዛ የመብላት ፈቃድ ነው የገዛኸው ልትለኝ ነው?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ስለ በሬ መረጃ የለኝም። በሌላ ነገር ልርዳዎት?»

በምን ሊረዳኝ! የገዛሁትን ላላበድር፣ ላላካፍል፣ ለወንድሜ ላልሰጥ ከሆነ ምኑን ገዛሁት? ሌባ በሌሊት ቢወስድብኝ ሌባ እለዋለሁ፤ እነዚህ ግን በጠራራ ፀሐይ ወስደው ጌታዬ ይሉኛል።

ይሄም ባልከፋ። አቶ ደስታ አረካ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የማርቆስ ወንድም ድርሻችንን እዚያው ሸጦ በልቶታል» ብሎ ተናገረ። እኛ ጋ የቅርጫ ሥጋ ከሰረቀ ሰው ጋር ማንም ማዕድ አይቀርብም። እኔ ርቄያለሁ፤ ነውሩን ተሸክሞ ሶዶ ላይ የሚውለው ማርቆስ ነው። ይሄን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ሞል ተመልሼ ያንን የሽማግሌ ነገር የተባለውን ዲስክ በራሴ ገንዘብ ገዛሁና ለማርቆስ ደወልኩ።

«ዲስኩን ገዝቼዋለሁ። ይሄውና በእጄ ይዤዋለሁ።»

«ተባረክ ኢሻ። በማን ትልከዋለህ?»

«ሰው እያፈላለግኩ ነው።»

«የምን ሰው? አንተው ይዘኸው ና እንጂ! አረካ አብረን እንሂድና ለአቶ ደስታ ሰው ፊት በእጁ ስጠው። እማዬም ትይህ። ወረቀት አግኝቻለሁ አላልክም?»

ብያለሁ። ያገኘሁት የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ አገሬ ከገባሁ ወደዚህ አያስመልሰኝም። ይሄን ለቤት አልነገርኩም።

«መቼ ትመጣለህ?» አለኝ። አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«ሄሎ? ማርቆስ? አይሰማም፤ ኔትወርኩ ነው» አልኩት።