ከዋንዛ የተጠረበው ሽጉጤ በለንደን

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለጎረቤት የነገርኩት እህቴን ልጠይቅ እንደምሄድ ነበር፤ አልዋሸሁም። ታናሽ እህቴ ሮማን ለንደን ከገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤቷን አይቼው አላውቅም። ያልነገርኩት ሁለተኛ ጉዳይ ደግሞ ሻንጣዬ ውስጥ በሌሊት ልብሴ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በየቀኑ የምይዘው ትንሽ ሽጉጥ ልመርጥ ነው የምሄደው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ትቶልኝ ያረፈውን ወፍጮ ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አምና በጠራራ ፀሐይ ወደ ባንክ ስሄድ ሁለት ጎረምሶች ከኋላዬ መጥተው ቦርሳዬን ቀሙኝ። አለቅም ብዬ ስጓተት የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። አንጓው እንደ ነገሩ ጠግኗል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቦርሳዬን አቅፌ ወደ ግድግዳ እጠጋለሁ። ሠላሳ ዓመት በተመላለስኩበት መንገድ እንደ ሌባ እየተገላመጥኩ መሄድ አንገሸገሸኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ዋስ ጠርቼ፣ ማመልከቻ አስገብቼ የመሣሪያ ፈቃድ አገኘሁ። የቀረኝ መምረጥ ብቻ ነበር።

መምረጡ ግን ቀላል አልሆነም። ሻጮቹ ያሳዩኝ ሁሉ ለወንድ እጅ የተሠራ ነው። ስለዚህ አናጢው ይርጋ ከዋንዛ እንጨት በእጄ ልክ አንድ ናሙና እንዲጠርብልኝ አዘዝኩት፤ አፈሙዙ አጭር፣ መምቻው ከነጠላ ጋር እንዳይያያዝ የተሸፈነ፣ አምስት ጎራሽ። ይርጋ ሥራ ይወዳል። ክብደቱ እንዲመጣ ሆዱን ቦርቡሮ ብረት ጨመረበት፤ በጥቁር የጫማ ቀለምም ወለወለው። ሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ እጄን ወደ ቦርሳው መስደድ ተለማመድኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ መነጽሬን ነበር ይዤ የምወጣው፤ ያስረጀኛል ብዬ ከቦርሳ የማላወጣውን የሩቅ ማያ መነጽሬን። በኋላ እጄ ሳላዘው መንገዱን አወቀ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የእንግሊዝ ብረት እያለ ሲያደንቅ ይውል ነበር። እንግዲህ ምንጩ ድረስ ሄጄ በእጄ ልመዝን፣ ዓይነቱን ልወቅ፣ ግዢውን አገሬ ስመለስ አስብበታለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት።

አርችዌይ

ሮማን የምትኖረው አርችዌይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አረጋውያን በመንከባከብ ነው የምትተዳደረው፤ ለኔም ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳለች። በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩን አዞረችኝ። ለአንድ ኩባያ ሻይ ሦስት ፓውንድ ስትከፍል አይቼ ሁለተኛ ሻይ ቤት አልገባም አልኩ። ከዚያ የባሰ ያስደነገጠኝ ግን ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ወገባቸውን ዞሬ ዞሬ አየሁ፤ ሽጉጥ የላቸውም። ምናልባት የረሱት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የመጣሁበትን አወጣሁ፤ የሽጉጥ መደብር ውሰጂኝ አልኳት። ሮማን ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እታለም፣ ይሄን ነገር ለማንም እንዳታነሺ» አለችኝ። «እዚህ ሽጉጥ ሾፕ ገብተሽ የምትገዢው ነገር አይደለም። ይዘሽ ብትገኚ ፕሪዝን ነው፤ አምስት ዓመት።»

«ታዲያ ሰው ራሱን በምን ይጠብቃል?»

«በር እንቆልፋለን፤ ፖሊስ ኮል እናደርጋለን።»

አዘንኩላት። እህቴን ባዶ እጇን በሰው አገር የተዋት መንግሥት ምን ዓይነት ነው ብዬ ስገረም ዋልኩ። ስለ ዋንዛው ግን አልነገርኳትም። እንጨት እንጨት ነው፤ ማን ይጠይቀኛል አልኩ።

ብዙ ስወተውታት አንድ ነገር ፈቀደችልኝ። በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አቶ ታደሰ የሚባሉ አዛውንት ፊንስበሪ ፓርክ ይኖራሉ፤ ድሮ በጦሩ ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በአፍ ማማከር አያሳስርም፣ እሳቸውን ጠይቂ አለች። ዋንዛውን ለእሳቸው ላሳይ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ፊንስበሪ ፓርክ

ዓርብ ረፋዱ ላይ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከተማውን እንዳይ ሮማን ፎቁ ላይ አስቀመጠችኝ። የሱቆቹን ጽሑፍ ለማንበብ መነጽሬን ስፈልግ አጣሁት። እንደ ሴት ወግ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ዘረገፍኩ፤ መሐረብ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ዋንዛው፣ ከሥር መነጽሩ። ዕቃውን መልሼ ከተትኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም፤ ሮማን ስልኳን እያየች ነበር። ማዶ የተቀመጠች እናት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብድግ አለችና ወረደች። መውረጃቸው ደርሶ ነው ብዬ ፈገግ አልኩላቸው።

ጥቂት እንደሄድን አውቶቡሱ ፌርማታ በሌለበት ቆመ። ሾፌሩ በማጉያው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰው ሁሉ መውረድ ጀመረ። ተበላሽቷል ነው የሚለው አለች ሮማን። በኔ ጉልበት ደረጃ መውረድ ጊዜ ስለሚወስድ መጨረሻ የወረድነው እኛ ነን።

አሁን ሰው ይጋፋበት የነበረው መንገድ ጭር ብሏል። ከፊታችን ስድስት ፖሊሶች ቆመዋል፤ እነዚህኞቹ ረጃጅም ጠመንጃ አላቸው፣ አፈሙዙም ወደኛ ነው። ማንን ፈልገው ይሆን ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ሮማን ብቻ ነበረች።

ጮኹብኝ። ከጩኸታቸው የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ ቦርሳ። እንጨት መሆኑን ላሳያቸው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም አሰብኩ ማለት ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ያስለመድኩት እጄ ሳላዘው ሄደ። ጣቴ የቦርሳውን ዚፕ ነካ።

«አትንኪው!» ሮማን ከኋላዬ ጮኸች። «እታለም፣ በእናታችን ሞት! እጅሽን ወደ ላይ!»

እጄ ባለበት ቀረ። ከዚያ ሁለቱንም አነሳሁ፤ የተሰበረው አልቃና አለኝ። በዚያ ሁሉ መሀል ከቆመ መኪና ጀርባ ያቺን እናት አየኋት። የልጇን ራስ በመዳፏ ሸፍና ታየኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። የምትፈራው እኔን ነበር። እኔን፣ የወፍጮ ቤቷን አስናቀችን።

አስፋልቱ ላይ አስተኙኝ። አንዱ ፖሊስ ጓንት አድርጎ ዋንዛውን አወጣና አገላብጦ አየው። የይርጋ የጫማ ቀለም ጓንቱ ላይ ቀረ።

ፖሊስ ጣቢያ

ጣቢያ ወስደው በስልክ አስተርጓሚ አቀረቡልኝ። መርማሪዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ሻይ አመጣችልኝ። ለምን እንደያዝኩት ስትጠይቀኝ የምመርጠውን እየለካሁ ነው አልኳት። አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሽጉጥ የሚመስል ነገር አደባባይ ይዞ መውጣትም ወንጀል መሆኑን አስረዳችኝ። ቀጥላ፣ እጄ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር አናደርግም ነበር አለች። ማታ ላይ በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ፤ ዋንዛው እዚያው ቀረ።

ሮማን ወደ ቤት ወሰደችኝ። በሩን ከፍታ ከገባን በኋላ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«ሃያ ስድስት ዓመት ስጠብቅሽ ኖሬ» አለች፤ «አስፋልት ላይ ልቀብርሽ ነበር።»

አለቀስኩ።

እሑድ አቶ ታደሰ ሙዝ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ምን ዓይነት እንደምፈልግ ጠየቁኝና እስክጨርስ አዳመጡ። አጭር አፈሙዝ፣ የተሸፈነ መምቻ፣ አምስት ጎራሽ፤ አመራረጤን አልነቀፉም።

«ለመሆኑ የቀሙዎት ልጆች ከፊት ነው ከኋላ የመጡት?» አሉኝ።

«ከኋላ።»

«እንግዲያው ከመተኮስዎ በፊት ማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

ተናደድኩ። እርስዎ በር ተቆልፎ በሚታደርበት አገር ስለሚኖሩ ይቀልዎታል አልኳቸው። አልተቀየሙኝም፤ ሙዝ ላጡልኝ።

ደብረ ብርሃን

ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ከወፍጮ ቤት ወጥቼ ወደ ባንክ አመራሁ። የወፍጮ ቤቱን መጋዘን እንዳለፍኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ይሮጣል። ከመዞሬ በፊት እጄ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ የያዘውን ይዞ ወጥቷል።

የያዘው መነጽሬን ነበር። አደረግኩትና ዞርኩ።

አቶ ደምሴ ናቸው፤ ለሃያ ዓመት እህላቸውን እኛ ዘንድ ያስፈጩ ደንበኛዬ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ መዝገቡ ላይ ረስቼው የሄድኩትን የወፍጮ ቤት ቁልፍ ዘርግተውልኛል። በእጄ ሌላ ነገር ይዤ ቢሆን ኖሮ ፊታቸውን የማየው ከወደቁ በኋላ ነበር።

ምን ሆንሽ አሉኝ። ምንም፣ እስከ ባንክ ሸኙኝ አልኳቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ ሄድኩ። የመሣሪያ ፈቃዱን የመለስኩት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኮቴ ስሰማ ዛሬም ወደ ግድግዳ እጠጋለሁ። ቆም ብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ዞሬ አያለሁ።