ለቅሶ የደረስንበት ሲኒማ ቤት

እናቴ ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ አሜሪካ ክላርክስተን ከተማ ወዳለ የዳያሊሲስ ክሊኒክ አደርሳት ነበር። ማሽኑ ደሟን እስኪያጥብላት አራት ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። እንግሊዝኛ ስለማትችል ነርሶቹን የምታናግራቸው በፈገግታ ነው። ከፊቷ ያለውን ቴሌቪዥን አታስከፍትም፤ ፊልም ለእሷ ዓለማዊ ነገር ነበር።

አጠገቧ ባለው ወንበር የሚታከሙት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር። የጠፈር መርከብ የታተመበት ሹራብ ለብሰው ይመጡና በታብሌታቸው ሁልጊዜ ያንኑ ተከታታይ ፊልም ያያሉ። ወጣት ሳሉ የተጀመረ፣ እስከ ዛሬም አዲስ ክፍል የሚወጣለት ፊልም ነው። እናቴ በስርቆሽ ስታይ አይተዋት መሰለኝ፣ አንድ ቀን ነርሷን ጠርተው ታብሌቱን በሁለቱ ወንበሮች መሃል አስቀመጡት።

የዚያን ቀን ልወስዳት ስመጣ አልነሳም አለች።

"ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው ሚስቱን ሊያገኛት ነው።"

"እማዬ፣ ውሸት እኮ ነው።"

"ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አየሽ፣ እነዚህ ሰዎች ይጠፋፋሉ እንጂ መፈላለግ አይተዉም።"

አንድ ሐሙስ አዛውንቱ እጄን ያዝ አድርገው "ለእናትሽ ንገሪልኝ" አሉኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ያዩት ከባለቤታቸው ጋር ነበር። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ሁለቱም አንድ ካፖርት ውስጥ ተጠቅልለው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ሁሉ አብረው ገብተው አዩ። እሷ ከሞተች በኋላ ግን አንዱንም እስከ መጨረሻው ማየት አቅቷቸው ነበር። "እናትሽ አጠገቤ ስትሆን እጨርሰዋለሁ" አሉኝ።

ኮንየርስ ከተማ በምሠራበት መጋዘን የሥራ ሺፍቴ ሊጀምር ነበርና ቸኩያለሁ። እናቴ "ምን አሉ?" ስትለኝ "ፊልሙን ይወዱታል" ብያት ወጣን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመጣ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ነርሷን ጠየቅኳት።

"ስለ ሌላ ታካሚ መናገር አይፈቀድልኝም፤ አዝናለሁ" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለእናቴ መተርጎም አላስፈለገኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ቤታቸው የት ነው? ለቅሶ እንድረስ እንጂ" አለች። ቤታቸው ይቅርና የአባታቸውን ስም እንኳ አናውቅም። ያን ጊዜ ነው ያሳጠርኩባትን ሁሉ የነገርኳት። ዝናቡን፣ ካፖርቱን፣ ስለ እሷ ያሉትን። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"እንግዲያው ሰዎቹ ያሉበት ውሰጂኝ" አለች በመጨረሻ።

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ፊልሙን የሚወዱት።"

አዲሱ ክፍል በዚያው ወር ወጣ። እሑድ ከቸርች በኋላ ሄድን፤ እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። የሲኒማ ቤቱ መግቢያ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሽበት የወረሳቸው ሰዎች የጠፈር ልብስ ለብሰዋል፤ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለዋል። ወረፋው ላይ ከፊታችን የቆመች በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ዘወር ብላ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ልብስሽ እንዴት ያምራል! ከፊልሙ የትኛዋን ሆነሽ ነው?" አለቻት።

እኔ አፈርኩ። ግን ዛሬ አላሳጥርም ብዬ እውነቱን ተናገርኩ፤ "ለቅሶ ላይ ናት። ወዳጇ ይህንን ክፍል ሳያዩ ሞቱ።"

 ሴትዮዋ የእናቴን እጅ ያዘች። "ወንድሜም ሳያየው ነው የሞተው" አለች። ተረጎምኩላት። "ጌታ ያጽናናሽ" አለቻት እናቴ፤ እሱንም ተረጎምኩ። ስንገባም ከጎናችን ተቀመጠች። መብራቱ ጠፍቶ ሙዚቃው ሲጀምር ሕዝቡ ሁሉ አጨበጨበ፤ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

እናቴ በተከታዩ ክረምት አረፈች። ቸርቹ ሞልቶ ተቀበረች፤ ለቅሶ ደራሽ አላነሳትም። ከዚያ ወዲህ የፊልሙ ሌላ ክፍል ወጥቷል። ሁለት ጊዜ ያለ እሷ ልሄድ ተነስቼ፣ አንዴም የሲኒማ ቤቱ ፓርኪንግ ድረስ ደርሼ፣ ሳልገባ ተመለስኩ።