ከሶኬቱ የታሰረው መፍቻ

ጭሮ ከተማ ባለው የእንጨት ሥራ ቤቴ፣ ልጄ «ያስቸግራል» ብሎ የበጠሰውን ሲባጎ ወለሉ ላይ ሳየው አባቴ ትዝ አለኝ። ለመጋዙ ማሽን ከሚስማር የምላጭ መፍቻ ሠርቶ በአጭር ሲባጎ ከሶኬቱ ጋር ያሰረው እሱ ነው። ሶኬቱ ካልተነቀለ መፍቻው ምላጩ ጋ አይደርስም። እኔም እሱም ማንበብ አንችልም ነበር፤ ማስጠንቀቂያችን ያ ሲባጎ ነበር።

አንድ ቀን «መብራት ሲጠፋ መንቀል ምን ያደርጋል?» አልኩት።

የማይታጠፈውን ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። መብራት አንኳኩቶ አይገባም፣ አንተ ደንቆሮ!»

ዛሬም መብራት ጠፍቷል። የተማረው ልጄ ሶኬቱን ሳይነቅል ጎንበስ ብሎ ምላጩን ይፈታል።

«ንቀለው!» አልኩት።

«አባዬ፣ መብራት እኮ የለም» አለ፤ ቀና እንኳ አላለም።

ከመንገዱ ማዶ፣ መብራት ሲጠፋ ቆሞ የነበረው ወፍጮ ማጓራት ጀመረ።