ከአስፋልቱ የሚታየው ጣሪያ

ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን ፊቱን ለደሴ–ወልድያ አስፋልት የሰጠ ነው። ከፊት ትንሿ ሱቄ አለች፤ በጓሮ በኩል አባቴ የሚተኛበት ክፍል። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከአልጋ አይወርድም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ፣ ፀሐይ የሚመልስ የጣሪያ ቀለም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች በነፃ ሊቀቡልን ሲመጡ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

መጀመሪያ ጥቁሩን የጎማ ቅብ በጣሪያው ሁሉ ላይ አዳረሱት። ፀሐዩን የሚመልሰው ከላዩ የሚደረበው ነጩ ነው አሉ። ነጩን ግን በአስፋልቱ በኩል ያለውን ብቻ ቀቡና መሰላላቸውን ጭነው ሄዱ። የጓሮው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። "ይመጣል" አሉን።

ሱቄ ቀዘቀዘች፤ ይህን አልክድም። ቀለሙ ይሠራል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የአባቴ ክፍል ከድሮውም ባሰበት። ባዶው ቆርቆሮ ቢያንስ ያብረቀርቅ ነበር፤ ጥቁሩ ፀሐዩን ጠጥቶ ጠጥቶ አባቴ ላይ ያወርደዋል። እሱ በጉልበቱ ዘመን ጎሚስታ ነበርና፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስለጥፍ ኖሬ፣ ዛሬ ጎማው እኔው ላይ ተለጠፈ" እያለ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ከዚያ ኃላፊያቸው ካሜራ ካነገቡ እንግዶች ጋር መጣ። ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው ነጩን ጣሪያ ፎቶ አነሱ።

"እህቴ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደቀነሰልሽ እስቲ ንገሪን" አለኝ።

እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ የአባቴ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና በሩን ዘጋሁ። ወዲያው ላቡ በግንባሩ ወረደ።

"የጓሮውስ?" አልኩት።

"ነጩ አልበቃ አለን። የጓሮው ደግሞ... ከመንገድ አይታይም።"

አባቴም ከመንገድ አይታይም፤ ታዲያ አይተንፍስ? ልጮህበት አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"አብሽሪ ልጄ፣ እንግዳ ነው። ላብ አጠመቀው እኮ፣ ውኃ ስጪው።"

ሰጠሁት። ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ያ ውኃ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ የሱቄን መደርደሪያ ወደ ጓሮው ክፍል አዛውሬ የአባቴን አልጋ በቦታው አስገባሁ። ከረሜላው ጥቁሩ ሥር ይቅለጥ። አባቴ አሁን ቀትር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። መኪኖች ነጩን ጣሪያ ለማየት ዝግ ይላሉ። ጎረቤቶቼ፣ "በሽተኛ ለመንገደኛ ይታያል እንዴ? ነውር ነው፣ መጋረጃ አድርጊበት እንጂ" ይሉኛል።

አላደርግም። ጣሪያዬን ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ አባቴንም ያንሳው።